ጥላን የሚከተል ቤት

የልጄ ልጅ ሂክማ ባለፈው ሳምንት አንዲት ግራጫ ጥንቸል በሽቦ ጎጆ አድርጋ ይዛ መጣችና «አባባ፣ የት ላስቀምጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጎጆው ለወፍ የተሠራ ነው። ጥንቸሏ ፊቷን ላዙር ብትል ጭራዋ ይቀራል። ሂክማ ግን ቦታውን በልቧ መርጣ ጨርሳለች፤ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምንኖርበት ቤት ሰገነት ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት በሚገባበት በኩል፣ ለፎቶ ያምራል ብላ። ሰው ሁሉ እኔን የሚጠይቀኝ ስለ ባቡር ነው። ሠላሳ ዓመት የባቡር አናጢ ስለነበርኩ ስለ ፉርጎው፣ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ጅቡቲ መንገድ ያስለፈልፉኛል። ስለ ጥንቸል ቤት ግን በዕድሜዬ የጠየቀኝ የለም፤ በዚህ ዓለም ላይ አጣርቼ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ደግሞ እሱ ነው። መዳፌን የጎጆው ቆርቆሮ ክዳን ላይ አሳረፍኩ። ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው፤ ቆርቆሮው ግን እጅ አያስቀምጥም። ያን ጊዜ አባቴ መጣብኝ፤ ለልጅቷ መልስ መስጠቱን ረሳሁት።

ዘመኑ የቀበሌና የሰልፍ ዘመን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በለበስኩት ሱሪ ነው። ታችኛው ጫፉ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ሱሪ ጊዜው አልፎበት፣ ጠበብ ያለው ገና ሳይደርስ፣ የድሬ ጎረምሳ የቱን እንደሚለብስ ግራ የገባው ጊዜ ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በተራ፣ ሳንቡሳ በአምስት ሳንቲም፣ ጋሪ ከለገሃር መጋላ በስሙኒ። ባጃጅ የሚባል ነገር አልተወለደም፤ የፈረስ ኮቴ የከዚራ ሰፈርን አስፋልት ሲመታ ዓይናችንን ጨፍነን የማን ጋሪ እንደሆነ እንለይ ነበር። የከዚራ ዛፎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተነሥተው ከላይ ይገናኛሉ። ከጥላ ሳይወጡ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው መሄድ የእኛ የድሃዎቹ ቅንጦት ነበር። የጅቡቲ ባቡር ሲገባማ ጣቢያው ቲያትር ነው። ስትሳፈር እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ሴት አምስት ቀሚስ ደራርባ፣ በሩ እየጠበባት ትወርዳለች። ፈታሹ ቀሚሱ ኮንትሮባንድ መሆኑን ያውቃል፤ እንደሚያውቅ እሷም ታውቃለች። «ወፈርሽ እኮ» ይላታል። «የጅቡቲ ውኃ ተስማምቶኝ ነው አቦ» ትለዋለች። ጥጉ ላይ ካለው የሶማሌው ሱቅ የዑድ ዜማ ይፈስሳል፣ የሻይ ቤቱ ሬዲዮ መፈክር ያሰማል፣ እኛ ሁለቱንም እየሰማን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ያ ሁሉ ሲታሰበኝ ክፉው እንደነበረ አልረሳሁትም፤ ግን ትዝታ እንደ ወንፊት ነው፣ የሚያስቀረውን እሱ ይመርጣል።

ቤታችን ደቻቱ የሚባለውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ ግቢው መካከል አንድ ጥላው የሰፋ የሮቃ ዛፍ። የምንኖረው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሚስቴ ሩቂያና አባቴ ዑመር። አራተኛችን ታናሽ ወንድሜ ጀማል ነበር። ከአራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ብንነሣ ምንጣፉ ባዶ ነው። በዚያ ዘመን የወጣት ልጅ ምንጣፍ ባዶ ሲገኝ የሚታሰበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ወስደውታል፣ ወይ በበረሃው አድርጎ ወደ ጅቡቲ ሄዷል። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘመዳችን ጀማልን በጀልዴሳ በኩል ሲያልፍ እንዳየው ሹክ አለን። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። እኔ ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተቀይሜው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቂሜ ከናፍቆቴ ይበልጥ ነበር። አባቴ ግን ተኛ። የጀልዴሳ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ግመል እየነዳ እስከ ባሕሩ የተመላለሰ፣ ቁጭ ማለት የማይሆንለት፣ ሲያወራ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ በሳቅ የሚያፈርስ። ያ ሰው ጓዳ ካለው መደብ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሶላቱን እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰግዳል፣ ሁለት ጉርሻ ይቀምሳል፣ መልሶ ይዞራል። ቃል አይወጣውም። መስጊድ ቀረ፤ ጓደኞቹ መጥተው መጥተው ተዉት። ሐኪም ባሳየው «አካሉ ደኅና ነው» አለኝ። አካሉ ደኅና የሆነ ሰው ዓይኔ እያየ ሲሟሽሽ ምን ላድርግ? ረመዳን ሳይገባ እቀብረዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።

ጥንቸል ቤታችን የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚራ ውስጥ ማዳም ኤሌኒ የምትባል አንዲት አሮጊት ግሪካዊት ነበረች። (እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የምንለው። የሌላ አገር አንባቢ ስድ እንዳይለኝ ነው ይህን መናገሬ።) የቤቷን የእንጨት መስኮቶች የማድስላት እኔ ነበርኩ። ዘመዶቿ ተራ በተራ ሄደው እሷ ብቻዋን ቀርታ ከረመችና በመጨረሻ እሷም ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ፒያኖው ተሸጠ፣ ወንበሩ ተሸጠ፣ ነጭ ጥንቸሏ ብቻ ቀረች።

«ኢብሮ፣ አንተ ግቢ አለ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«አለኝ ማዳም።»

«ጥላ አለ?»

«ድሬ ላይ ጥላ ሳይኖረው የሚኖር ሰው አለ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ጣቷን ቀሰረች። «ቤቱ ሦስት ዝላይ። ሁለት አይደለም፣ ሦስት። በኋላ እግር ስትቆም ጆሮ ጣሪያ አይነካም። ወለሉ ሽቦ አይሆንም፣ እግር ይቆስላል። አንድ ጨለማ ክፍል፣ ስትፈራ የምትገባ። ደግሞ በየቀኑ ውጪ ትሮጣለች። የማትሮጥ ጥንቸል…» ቃሉ ጠፋት፤ አሰበች። «…ታዝናለች» አለች። «ፀሐይ ግን ሞት ነው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኳት። አልገባኝም ነበር።

ጥንቸሏን በቅርጫት ይዤ ስገባ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ሆነች። አስካለ ግድግዳ የምንጋራት፣ የጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ሠራተኛ፣ ድስቷም ምክሯም ከእኛ ቤት የማይጠፋ ሴት ነበረች። ቅርጫቱን አየችና አማተበች። «ይቺ ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ናት! ከበላችኋት በምንም ተአምር ድስቴን አላውሳችሁም።» ሩቂያ ጥንቸሏን አንሥታ አቀፈቻት። «ኧረ ማን ይበላታል አቦ! በእኛ ሐላል ነች ይላሉ፤ ግን እንዲህ እያየችኝ እንዴት አድርጌ ቢላ አነሣለሁ?» አለች። ነጭ ስለሆነች ሙሽራ ብላ ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። ሙሽራ የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ ከረመች፤ የሩቂያን ጫማ በላች፣ የሬዲዮውን ገመድ በላች፣ የክት ልብሴን እጅጌ ቀመሰች። ሩቂያ «ወይ ቤት ሥራላት ወይ ለአንተም ሌላ ቤት ፈልግ» አለችኝ። አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቱን አላዞረም።

እኔም ሠራሁ። ያኔ ወጣት ነኝ፣ በእጄም እኮራለሁ፤ የኮራ አናጢ ደግሞ ከሰከረ ሰው አይሻልም። ከአሮጌ ፉርጎ ከተጣለ ጠንካራ ሳንቃ፣ ከሥራ መልስ ስምንት ቀን ሙሉ ለፍቼ አንድ ነገር አወጣሁ። ርዝመቱ የማዳምን ሦስት ዝላይ ያሟላል፣ ከፍታውም ይበቃል፣ ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ጨለማ ክፍልም አለው። ጎንና ጎኑን እንደ ተሳፋሪ ፉርጎ መስኮት አግድም በተደረደረ ቀጫጭን እንጨት ሠራሁት፤ ጣሪያው የተቆለመመ ቆርቆሮ፤ ላዩን ቨርኒሽ አጠጣሁት፤ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩበት። በሩ ላይ የፉርጎ መዝጊያ ገጠምኩ፤ ያ ባለ አራት ማዕዘን ቁልፍ ካልገባበት አንበሳም አይከፍተውም። እግሮቹን በሲሚንቶ መሬት ውስጥ ቀበርኩ። ቦታ የመረጥኩት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ነው፤ የቤታችን ምዕራብ ግድግዳ ሥር ድፍን ጥላ ነበር፣ ከግቢው በር ሲገቡም ፊት ለፊት ይታያል። እትዬ አስካለ አይታው «እኔም ልግባበት እንዴ?» አለች። ሙሽራን አስገባሁ፣ ዘጋሁ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ እያፏጨሁ ሄድኩ።

ድሬ ቀትር ላይ ሥራ ይፈታል። ሰው ቤቱ ገብቶ ሽርጡን አገልድሞ ይተኛል፤ ፀሐይ ጎንበስ ስትል ይመለሳል። በዚያ ቀን ግን በአስቸኳይ የሚታደስ ፉርጎ ገባና ሳንፈታ ዋልን። ሩቂያ የስኳር ተራ ልትይዝ ቀበሌ ሱቅ ሄዳለች። አስካለ ፈረቃዋ ነው። ቤት የቀረው አባቴ ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስመጣ የግቢው በር ተከፍቷል። ስምንት ቀን የለፋሁበት ፉርጎዬ አንድ ጎኑ ተገንጥሏል፤ መጥረቢያው ከነስንጥሩ መሬት ላይ ተጥሏል። አራት ወር ከመደቡ ያልወረደው አባቴ በባዶ እግሩ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ ሮቃው ሥር ቁጭ ብሎ ሙሽራን በረጠበ ሸሚዙ ጠቅልሎ ታቅፏታል። በአንድ እጁ ከጣሳ ውኃ እየጠቀሰ ጆሮዎቿን ያብሳል። እጁ ደም በደም ነው። እኔን ሲያይ ጮኸ።

«ኢብራሂም! ቤት ሥራ ቢሉህ ባቡር ሠራህ! ባቡር የሚነፍሰው ሲሄድ ነው። የቆመ ባቡር ውስጥ ተኝተህ ታውቃለህ? ድሬ ላይ? በስምንት ሰዓት?»

እውነቱን ነው። ያ የመስኮት አሠራር ነፋስ የሚያስገባው ፉርጎው ሲሮጥ ነው፤ እኔ ያን ዕድሜ ልኬን እሠራዋለሁ እንጂ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ዞራ ምዕራቡን ግድግዳ እንደምትይዝም ጠዋት ጥላውን ሳይ አልታየኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ሳልቸኩል፣ ስምንት ቀን ሙሉ፣ በጥንቃቄ ነው ያፈሰስኩት። «ቁልፉስ?» አለኝ አባቴ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ምራቁን ጢቅ አደረገ። ጥንቸል ስትጨነቅ በኋላ እግሯ ወለሉን ትደበድባለች፤ ያን ቀን ሙሽራ የደበደበችው ሳንቃ ነውና ድምፁ ጓዳ ድረስ ገብቷል። «በር የተንኳኳ መሰለኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሮጬ ከፈትኩ። ማንም የለም።» ማን እንደመሰለው አልጠየቅኩትም። ሙሽራ መሸት ሲል አንገቷን ቀና አድርጋ ውኃ ጠጣች፤ አባቴም ያን ምሽት ወደ ግድግዳው ሳይዞር ከእኛ ጋር ገበታ ቀረበ። ሩቂያም ሳይጠይቅ ወጡን ጨመረችለት።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከመስጊድ ስመለስ አባቴ ሮቃው ጥላ ሥር አመድ ነስንሷል። «ልቀቃት» አለኝ። ሙሽራ ወጣች፣ አሸተተች፣ ዘለለች። አመዱ ላይ ባሳረፈችው እግር ልክ አባቴ በበትሩ ጫፍ መስመር ያሰምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ይኸውልህ የእሷ ዝላይ። ያንተ የአይጥ ዝላይ ነው እንዴ?» አለኝ። የእኔ ልክ አንድ ክንድ ያህል አንሶ ተገኘ፤ ለካ የለካሁት ቤት ውስጥ በዕቃ መሀል የዘለለችውን ነበር። ከዚያ እሱ እያዘዘ እኔ እየሠራሁ ሌላ ቤት ተጀመረ። «ጀልዴሳ ላይ የአርብቶ አደሩን ቤት አላሳየሁህም? ቅርንጫፍ ቆልምመህ ሰሌን ታለብሰዋለህ። በጎኑ ይተነፍሳል። ሳሩ ሲያልቅ ግመል ላይ ጭነኸው ትሄዳለህ። ቤት ነው ነፍስ ያለውን የሚከተል፤ ነፍስ ያለው ቤት አይከተልም።» ጫፉ ላይ የሳንቃ ወለል ያላት፣ በሰሌን የተሸፈነች የመደበቂያ ጎጆ ሠራን፤ ከእሷ የሚቀጥለው ረጅሙ ክፍል ዙሪያውና ላዩ ሽቦ ነው፣ ወለል ግን የለውም፤ መሬቱን እንድትረግጥ፣ የተበተነላትን ሳር እንድትበላ፣ ከጫፍ ጫፍ እንድትሮጥ። ቨርኒሽ የሚባል ነገር አላስነካኝም። «ጥርሷን አላየኸውም? ቤቷን ትበላዋለች፤ መርዝ ነው የቀባህላት» አለኝ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ያንኑ የፉርጎ ሳንቃ ስለተጠቀምኩ ከበደ፤ ሁለት ሰው ካልያዘው አይነሣም።

ከዚያ ወዲያ የግቢያችን ሰዓት አባቴ ሆነ። ጠዋት ምዕራብ ግድግዳ ሥር፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ወደ ሮቃው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ትንሽ ፈቀቅ፣ ከአስር ሶላት ወዲህ ምሥራቅ ግድግዳ። ሲመሽ ድመቱም ጅቡም እንዳያገኛት ጓዳ፣ እሱ መደብ ሥር። ጥላን እንደ እሱ የሚያነብ ሰው አላየሁም። በበጋ የቀትር ጥላ ወደ ቂብላ፣ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ በክረምት ፊቱን ያዞራል፤ ይህን በግመል መንገድ ላይ ነው የተማረው። እሱ በበትሩ መሬት ላይ ይለካል፣ ቀጥሎ የሚያርፍበትን ቦታ ጠጠር ለቅሞ ያጸዳል፣ ከዚያ ይጣራል። መጣራት ግድ ነው፤ ብቻውን አያነሣውም። አራት ወር ቃል ያልወጣው ሰው በቀን አራት ጊዜ «ሩቂያ! ያዥልኝ!» ይላል። ሩቂያ ከሌለች በግድግዳው ላይ «አስካለ!» ይላል። አስካለ በመጀመሪያ «እንስሳዋን አልነካም፣ እንጨቱን ብቻ ነው የምይዘው» ብላ ተዋዋለች። በሁለተኛው ሳምንት የካሮት ቅጠል ይዛ መምጣት ጀመረች፤ በወሩ ሙሽራ ሆዷን ሲነፋት የሌሊት ፈረቃ አድራ መጥታ፣ ሳትተኛ፣ ስታሽላት ያገኘኋት እሷን ነው። ጎመን ያበዛሁላት እኔ ነበርኩ። አባቴን በሽማግሌ ማዕረግ ጠርታ «አው ዑመር፣ ይሄ ልጅህ ለጥንቸል አልተፈጠረም» ብላ ሳቀች፤ አባቴም ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሙሽራ ጉድጓድ መቆፈር ትወዳለች፤ ገና ክንዷን ሳታስገባ ሰዓቱ ደርሶ እናነሣታለን፣ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና «ሀ» ብላ ትጀምራለች። አባቴ በዚህ ይዝናናል። «ሥራ ፈት አይደለችም» ይላል።

አሁን ሳስበው ያ ዘመን ብዙ ወስዶብኛል፤ የሰጠኝን ግን ልክድ አልችልም። ሙሽራ አምስት ዓመት ኖራለች። ማዳም ኤሌኒ ከሄደች በኋላ ወሬዋን አልሰማሁም፤ አባቴን እንዳተረፈችልኝ ሳታውቅ ነው የቀረችው፤ በየዱዓዬ አነሣታለሁ። እትዬ አስካለም አልፋለች፤ ቀብሯ ላይ ከቤተ ሰቦቿ እኩል የቆምኩት እኔ ነኝ። ጀማልም በሕይወት ነበር። አባቴ ከተነሣ ዓመት ካለፈ በኋላ በአንድ መንገደኛ እጅ ካሴት መጣ፤ ያኔ ደብዳቤ ስለሚፈተሽ ሰው ድምፁን ቀድቶ ነበር የሚልከው። ሁለት ዘፈን ካለፈ በኋላ «አባ፣ ደኅና ነኝ» የሚል ድምፅ ወጣ። አባቴ ያችን ካሴት ሪባኗ እስኪያልቅ ሰማት። ግን እኔ በጣም የማመሰግነው ለካሴቱ አይደለም። ካሴቱ ሳይመጣ፣ ገና ምንም ሳናውቅ፣ ለሆነው አንድ ከሰዓት ነው።

አባቴ ከተነሣ ሁለት ወር ገደማ ይሆነው ነበር። ከሥራ ስመለስ ሮቃው ሥር ከሙሽራ ጎን ቁጭ ብሏል፤ ሩቂያ ገበያ ሄዳለች። ጎኑ ተቀመጥኩ። በከረጢቴ ውስጥ አራት ትንንሽ የብረት ጎማዎች ነበሩ፤ ከተጣለ የዕቃ መግፊያ ላይ አስፈቅጄ የፈታኋቸው፣ በዘይት ያጠብኳቸው። ለቤቱ ገጥሜለት አንድ ሰው በአንድ ጣቱ እንዲገፋው ነበር ሐሳቤ፤ ላስደስተው። ከማውጣቴ በፊት እሱ ተናገረ።

«ለጀማል መንገዱን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ከረጢቴን መልሼ መሬት ላይ አኖርኩት።

«ለአንተ እንዳይነግርህ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሠራተኛ ነህ። ጠርተው ቢጠይቁህ ‹አላውቅም› ስትል በቁርኣን ቢያስምሉህ እንኳ እውነት እንዲሆንልህ። በእሱ አትቀየም።» ሙሽራን በሽቦው ቀዳዳ ግንባሯን አሻት። «የውኃ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤ ስማቸውን፣ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ። በሄደ በሳምንቱ ትዝ አለኝ። ሦስተኛው ደርቋል፣ ኢብራሂም። ደርቆ ነው እኛም መንገዱን የተውነው። እንዴት እንደዚያ ያለ ነገር ይረሳል? አራት ወር ሙሉ ግድግዳው ላይ ያን መንገድ ስሄድ ነው የከረምኩት። ሦስተኛው ጉድጓድ ስደርስ እቆማለሁ። ከዚያ አልፌ አላውቅም። ያን ቀን ይቺን ስታለከልክ ሳይ ልጄን ነው ያየሁት።»

በወንድሜ ላይ የያዝኩት ቂም እንደ ጤዛ ረግፎ፣ ቦታው ላይ ፍርሃት ገባ፤ ፍርሃቱ ግን ከዚያ በኋላ የአባቴ ብቻ አልነበረም፣ የሁለታችን ሆነ። «እኔም ዘግቼባት ቁልፉን ይዤ ሄጄ ነበር፣ አባ» አልኩት። «ድናለች።»

«ኢንሻአላህ በል» አለኝ።

«ኢንሻአላህ።»

ጎማዎቹን ከከረጢቴ አወጣሁና ጭኑ ላይ አኖርኩለት፤ እንዴት እንደምገጥማቸው፣ ቤቱ እንዴት እንደሚቀልለት አስረዳሁት። አንዱን አንሥቶ በጣቱ አሽከረከረው። ያለ ድምፅ ዞረ። የእጄን ሥራ ሲያደንቅ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ አራቱንም ሰብስቦ መለሰልኝ።

«ተወው፣ ያ ኢልማ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ሲለኝ በኦሮምኛ ነው የሚለኝ። «ጎማ ካለው ማንን እጠራለሁ?»

ተነሥቶ በበትሩ ጥላውን ለካ። የበትሩ ጥላ ከበትሩ ሊስተካከል ጥቂት ቀርቶታል፤ አስር ሶላት ሊደርስ ነው። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ የምንሄድበት ሰዓት ነበር። እሱ በዚያ ጫፍ ጎንበስ አለ፣ እኔ በዚህ ጫፍ።

«ቢስሚላህ» አለ። አነሣን።